ውጭ አገር ሄጄ ኮምፒውተር ላስተምር ነው፤ ምን ይዤ ልሂድ?

ሰላም ለሁላችሁም። በበጎ ፈቃድ ለ4 ወር ውጭ አገር ሄጄ መሠረታዊ ኮምፒውተር ላስተምር ነው። የምሄድበት ትምህርት ቤት ትንሽ ነው፤ አቅሙም እንደዚያው። ስለ ክፍሉ የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው፦ 11 አሮጌ ላፕቶፕ አለ። ተማሪዎቹ 30 ናቸው፤ ወጣትም ጎልማሳም ተቀላቅሏል። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። ኢንተርኔት ሲያስፈልግ ከአንድ ሰው ስልክ ይከፈታል።

ያሰብኩት ከጓደኞቼና ከማውቃቸው መሥሪያ ቤቶች 10 ያገለገሉ ላፕቶፖች ሰብስቤ ይዤ ለመሄድ ነው። ዕቃ ከተሟላ ሌላው ይደርሳል ብዬ አምናለሁ። ማስተማሩ አያስፈራኝም፤ ውዬ የማድረው ከኮምፒውተር ጋር ነው። የሚያስጨንቀኝ ባዶ እጄን መድረሱ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ያስተማራችሁ፣ ምን ልያዝ? ምንስ ልተው?

ከዚህ በታች ያለውን ዛሬ ጨመርኩ። ጥያቄዬን ከለጠፍኩ 9 ቀን ሆነ፤ 27 መልስ ተጻፈ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም እንዲያነብ መጠየቅ ይከብዳል። ስለዚህ የተባለውን በየተራ ቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ላይ ግን ቆም ብያለሁ።

መልስ 1። መልካም ጉዞ ተመኝቶልኝ ወዲያው ወደ ሂሳብ ገባ። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደማስተምር ጠየቀኝ፤ 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት መሆኑን እዚያው ሥር ነገርኩት። 4 ወሩን 16 ሳምንት ብሎ 96 ሰዓት አወጣ። 11 ማሽን ለ30 ሰው ሲከፋፈል አንድ ተማሪ ኪቦርድ ላይ ብቻውን የሚቀመጠው 35 ሰዓት ገደማ ነው። ያውም ማሽኖቹ ሁሉ ከሠሩና መብራት ካልሄደ። ይህ ቁጥር ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

መልስ 2። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በትሕትና ነው የጻፉት። ምን ልያዝ ከማለቴ በፊት ትምህርት ቤቱን ምን ምን እንደጠየቅኩ ማወቅ ፈለጉ። እኔ የጠየቅኩት የላፕቶፑን ብዛት ብቻ ነበር። እሳቸው ሌሎች ጥያቄዎች ደረደሩልኝ። ተማሪዎቹ ኮርሱን ሲጨርሱ ምን ሊሠሩበት ነው? ደብዳቤ ሊጽፉ፣ የሱቅ ሂሳብ ሊይዙ፣ ወይስ ሥራ ሊያመለክቱ? የሚማሩት በየትኛው ቋንቋ ነው? እኔ ስመለስ ክፍሉን የሚረከበው ማነው? የክፍሉ ቁልፍስ ማን ጋ ነው ያለው? የቁልፉ ነገር ገርሞኝ ነበር። ለካ እሳቸው ካስተማሩባቸው ቦታዎች በአንዱ ቁልፉ የሚውለው በአንድ ኃላፊ ኪስ ውስጥ ነበር። ሰውየው ስብሰባ ሲሄድ ክፍሉም አብሮ ይዘጋል። ተማሪና መምህር በሩ ላይ ቆመው ቆመው የተመለሱበት ቀን ጥቂት አልነበረም።

መልስ 3። ጠጋኝ ነው። ሥራው አሮጌ ላፕቶፕ መፍታት ነው። ላፕቶፕ የመሰብሰቡን ሐሳብ ጨርሼ እንድተወው መከረኝ። ከየሰዉ ተለምኖ የሚመጣ ማሽን አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። 10 ላፕቶፕ ማለት 6 ወይም 7 ዓይነት ቻርጀር ማለት ነው። የአንዱ ጫፍ ቀጭን፣ የሌላው ወፍራም ነው፤ ቮልቴጁም ይለያያል። አንድ ቻርጀር ሲቃጠል አንድ ማሽን ይቆማል፤ ከጎኑ ያለው ሊያበድረው አይችልም። ባትሪያቸውም አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ስለሆነ መብራት እልም ሲል ሁሉም አብረው እልም ይላሉ። ይልቅ እዚያ ያሉትን 11 ማሽኖች ሞዴል አስጽፌ እንዳመጣለት ጠየቀኝ። የቆየውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (ፈጣን በሆነው አዲስ ዓይነት ማከማቻ) መቀየርና ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ማህደረ ትውስታ) መጨመር ሌላ ላፕቶፕ ተሸክሞ ከመሄድ ይሻላል ባይ ነው። ዕቃውም በአንድ ጃኬት ኪስ ይገባል።

መልስ 4። ይኼኛው ብዙ የሚጓዝ ሰው ይመስላል፤ ባትሪን አነሳ። በአውሮፕላን እስከ 100 ዋት ሰዓት የሆነ የሊቲየም ባትሪ ይፈቀዳል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ ደግሞ በእጅ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ባትሪው ላይ ዋት ሰዓቱ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው። የራሴን ላፕቶፕ ገልብጬ አየሁት፦ 11.1 ቮልት፣ 4.4 አምፔር ሰዓት። ሲባዛ 48.8 ይመጣል።

መልስ 5። ጉምሩክን አስታወሰ። ያገለገለ ኮምፒውተር ይዞ ድንበር መሻገር እንደ ድሮው ቀላል እንዳልሆነ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር መዘዋወሩን የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት ማንኛውንም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ከተቀባዩ አገር ፈቃድ ውጭ ማሻገር እንደሚከለክል ጻፈ።

መልስ 6። የመልስ 5ን አነጋገር አረመችው። ሕጉ የሚመለከተው ቆሻሻን ነው፤ የሚሠራ ማሽን ቆሻሻ አይደለም። ግን መሥራቱን የማሳየት ሸክም የያዘው ሰው ላይ ይወድቃል። ተፈትሾ የሠራ መሆኑ በወረቀት ካልታየና በደንብ ካልታሸገ፣ ለተቆጣጣሪው 10 አሮጌ ላፕቶፕ እንደ ቆሻሻ ቢታይ አይፈረድበትም። ቀረጡ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እግረ መንገዷን አንድ ነገር ጨመረች፦ ክፍያ ባይኖረውም እንኳ ማስተማር በብዙ አገር እንደ ሥራ ይቆጠራል። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ ማስተማር ሊያስጠይቅ ስለሚችል ከመነሳቴ በፊት ኤምባሲውን እንድጠይቅ አስጠነቀቀችኝ። ይህን ፈጽሞ አላሰብኩበትም ነበር። ምስጋናዬ ይድረሳት።

መልስ 7። የደረሰበትን ተረከ። የሚያስተምርበት ቦታ ከ110 ቮልት አገር በእርዳታ የመጡ ዴስክቶፖች ነበሩ። የዚያ ቦታ መብራት ግን 230 ነው። የብዙ አሮጌ ዴስክቶፕ ጀርባ ላይ፣ የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ጥፍር የምታህል ቀይ መቀያየሪያ አለች። በላይዋ 115 ወይም 230 የሚል ቁጥር ይታያል። ማንም አላያትም። አንድ ልጅ ደስ ብሎት ሰካው። ጧ! ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ በተቃጠለ ሽታ ታፈነ። ልጁ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ለ2 ሳምንት ክፍል ሳይመጣ ቀረ። ይኼኛው ሰው እስከ ዛሬ የሚቆጨው ስለ ዴስክቶፑ ሳይሆን ስለ ልጁ ነው። ማንኛውንም ማሽን ከመሰካቴ በፊት ጀርባውን በጣቴ እየነካሁ እንዳይ አደራ አለኝ።

መልስ 8። ላፕቶፕ ላይ ይህ ችግር እምብዛም እንደማይደርስ አስረዳ። የቻርጀሩ ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ካለ የሶኬት መለወጫ ይበቃዋል። ቀጥሎ ጭነቱን አሰላ። 11 ቻርጀር ባለ 65 ዋት ቢሆን፣ ሁሉም ጥግ ድረስ ቢስቡ 715 ዋት ነው። በ220 ቮልት 3.3 አምፔር ያህል ይሆናል፤ ደህና የሆነ ማከፋፈያ ይሸከመዋል። የሚያቃጥለው ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ፣ እሱ ላይ ደግሞ ሌላ መቀጣጠሉ ነው። አንዱ የላላ መሰኪያ ከጋለ ይበቃል።

መልስ 9። ባጭሩ፦ ሶኬት ያለበት ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይመጣል። ከመጀመሪያው ቀን ሥርዓት ካልወጣለት ለላፕቶፑ ቦታ አይተርፍም።

መልስ 10። ውይይቱ መሞቅ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። ጸሐፊው የሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነጻ ሥርዓት፣ ወዳጅ ነው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። አሮጌዎቹ ላፕቶፖች ይህን አያሟሉም። ስለዚህ ለአሮጌ ማሽን የሚቀሉትን የሊኑክስ ዓይነቶች፣ ሉቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን በኤክስኤፍሲኢ ገጽታው፣ ልጫንባቸው አለ። ማሽኑ 32 ቢት የሚባለው የቆየ ዓይነት ከሆነ ዴቢያን 12 የተባለውን ሌላ ሊኑክስ እንድይዝ አስጠነቀቀኝ፤ ዴቢያን 13 ለ32 ቢት መጫኛ የለውምና።

መልስ 11። ተቆጣ። ተማሪዎቹ ነገ የሚቀጠሩበት ቢሮ ያለው ዊንዶውስና ዎርድ ነው። የማያገኙትን ነገር ማስተማር በድሆች ጊዜ መቀለድ ነው ብሎ ደመደመ። የመልስ 10ን ጸሐፊ በስድብ ቀረሽ ቃል ነካው።

መልስ 12። 10 ተመልሶ መጣ፤ እሱም አልራራም። ለ11 ማሽን የዊንዶውስ ፈቃድ የሚገዛው ማነው ብሎ ጠየቀ። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚጫን፣ ከሆነ የሚታሰበው፣ ተማሪን በመጀመሪያ ቀን ስርቆት ማስተማር ነው። ክራኩ ውስጥ የተደበቀው ቫይረስ ደግሞ ማንንም አይምርም።

መልስ 13። የመልስ 11 ጸሐፊ፣ ሁሉም ሰው ክራክ እንደሚጠቀም፣ ለማስመሰል ጊዜ እንደሌለው ጻፈ። አወያዩ ከጽሑፉ ሁለት መስመር አጠፋ። የጠፋውን አልደግመውም።

መልስ 14። የመልስ 2 ጡረተኛ መምህር እንደገና ገቡ። ማንንም አልገሠጹም። ያስተማሩባቸው የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞች ዛሬ በየትኛውም ማሽን ላይ እንደሌሉ አስታወሱ። የዚያን ጊዜ ተማሪዎቻቸው ግን እስካሁን ይሠሩበታል። እነሱ ዘንድ የቀረው የቁልፉ ቦታ አይደለም። ፋይል ምን እንደሆነ፣ ያስቀመጡት የት እንደሚሄድ፣ ስሙን ቀይሮ ሌላ ቅጂ ማስቀመጥ ለምን እንደሚጠቅም፣ የተሳሳቱትን እንዴት እንደሚመልሱ፤ ይኸው ነው። ሊብረ ኦፊስ የሚባለው እንደ ዎርድ ያለ ነጻ የቢሮ ፕሮግራም በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፣ የዎርድን ፋይልም ይከፍታል። ስለዚህ በሊብረ ኦፊስ ላስተምር፣ ከማሽኖቹ አንዱን ወይም ሁለቱን ግን ሕጋዊ ዊንዶውስ ካላቸው በዚያው ልተው፤ ምክራቸው ይህ ነው። እኔ በዚህ ተስማምቻለሁ። ክራክ አልጭንም።

መልስ 15። ከጠቡ ወጥታ ስለ አንዲት ባትሪ ጻፈች። እሷ ስታስተምር አንድ ማሽን ኢንተርኔት አልከፍት አላት። ከስልኩ የመጣው ኔትወርክ ሌሎቹ ላይ ይሠራል፣ እዚያኛው ላይ ግን ሁሉም ገጽ አስተማማኝ አይደለም እያለ ይዘጋል። ሙሉ ከሰዓት በኋላዋን ቅንብሩን ስትነካካ ዋለች። በመጨረሻ የአንድ ተማሪ ዓይን ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ላይ አረፈ። ዓመቱ 2009 ይላል። ማዘርቦርዱ (የማሽኑ ዋና የውስጥ ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። የድረ ገጾቹ የምስክር ወረቀት (ትክክለኛነታቸውን የሚያረጋግጠው) ደግሞ በዚያ ቀን ገና አልተሰጠም፤ ስለዚህ ማሽኑ አይቀበለውም። ባትሪዋ ሲአር2032 ትባላለች፤ 3 ቮልት ናት። ቁጥሩ መጠኗን ነው የሚናገረው፦ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። ሳንቲም የምታክል ነገር አንድ ማሽን ከጥቅም ውጭ አድርጋ አስቀመጠች።

መልስ 16። ኢንተርኔት ባይኖርስ ለሚለው መልስ ሰጠ። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ከ2007 ጀምሮ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነፎቶው ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈው ግን በጥቂት ጊጋባይት ያልቃል። ኮሊብሪ ደግሞ የቪዲዮ ትምህርቶችንና መልመጃዎችን በአንድ ማሽን ላይ አስቀምጦ በክፍሉ ዋይፋይ ለሌሎቹ ያካፍላል። የተማሪዎቹ ስልክ እንኳ ይከፍተዋል። ይህን ሁሉ ከመነሳቴ በፊት፣ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አውርጄ እንድጨርስ አሳሰበኝ።

መልስ 17። 16ን አሟላ። ብዙ ፍላሽ ሲገዛ ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ተደርጎ ነው የሚመጣው። እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ቦታ የለም እያለ ሰው ያደናግራል። ትልቅ ፋይል ወደሚቀበለው ኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ነው መፍትሔው። አሮጌዎቹ ማሽኖች ኤክስፋትን ማንበባቸውን እዚያው ከመድረስ በፊት መሞከር ግን አይቀርም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

መልስ 18። ፍላሽ ከተነሳ ቫይረሱም ይነሳ አለ። አንድ ተማሪ ፍላሹን ይሰካል፤ ፋይሎቹ ጠፍተው በምትካቸው አቋራጭ ምልክት ብቻ ያገኛል። ይደነግጣል። ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ተማሪው ግን ደንግጦ ፎርማት ያደርገዋል፤ የእውነት የሚጠፉት ያኔ ነው። ለዚህ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይሰጠው ይላል። አንዱን የሊኑክስ ማሽን የፍላሽ መመርመሪያ አድርጎ በር አጠገብ ማስቀመጥም ጥሩ ዘዴ ነው።

መልስ 19። ይህኛው አሳዘነኝም፣ አስቆጣኝም። ጸሐፊው በጠቅላላው ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። የአውሮፕላኑ ትኬት ለአገሬው መምህር ደመወዝ ቢሰጥ አይሻልም ወይ? መከራከሪያው ባዶ አልነበረም። በፔሩ ለሕጻናት ላፕቶፕ የታደለበትን ትልቅ ፕሮግራም አነሳ። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ያደረጉት ጥናት በ2012 ወጥቷል። ማሽኑ ደርሷል፤ የሂሳብና የቋንቋ ውጤት ግን አልጨመረም። ዕቃ ከተሟላ ሌላው ይደርሳል ያልኩትን የመነሻ ሐሳቤን ጠቅሶ፣ እንዲህ የሚያስብ ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ይሻላል ብሎ ቋጨ።

መልስ 20። ሌላ ሰው ተናዶ ተከላከለልኝ። በ1999 ሱጋታ ሚትራ በዴልሂ አንድ ግድግዳ ሸንቁሮ ኮምፒውተር እንዳስቀመጠና የሰፈሩ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው ማውዝና ኢንተርኔት እንደለመዱ አስታወሰ። ማሽኑ ካለ ልጅ ራሱ ይማራል ነው የሚለው። መከላከያውን ባመሰግንም ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በግድግዳው ዙሪያ ማን ፊት ቆመ፣ ማንስ ከኋላ ቀረ? ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሰችልኝ ቀጣይዋ ናት።

መልስ 21። ከሁሉም በላይ ያነበብኩት ይህን ነው። ጸሐፊዋ አስተማሪ አይደለችም። እኔ ልሄድበት ባሰብኩት ዓይነት ክፍል የተማረች ናት። ከውጭ የመጣው መምህር ደግ ሰው ነበር። ግን ሲናገር ይፈጥናል፤ ስክሪኑ ላይ ቀስቷ ከወዲያ ወዲህ ትላለች፣ እነሱ ሲከተሉ ይጠፋባቸዋል። ለአንድ ማሽን 3 ሰው ተመድቦ ነበር። አንደኛው ልጅ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ነበር። ማውዙን ከመጀመሪያው ቀን ያዘው። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መምህሩ ክፈቱ ሲል እሱ ፈጥኖ ስለሚከፍት ነው። መምህሩም ስክሪኑን አይቶ፣ ተከፍቷል ብሎ ያልፋል። እሷ ለ2 ወር ከጎኑ ተቀምጣ አየች፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ በጽሑፍ ፈተናውም ጥሩ ውጤት አመጣች። ማውዝ በእጇ የገባው በተግባር ፈተናው ቀን ነው። እጇ ተንቀጠቀጠ። ሁለቴ ጠቅ ማድረግ አቃታት፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ጠቅታ መሃል ማውዙ ይንሸራተትባታል።

ከዚያ ያለችውን በቃሌ ይዤዋለሁ። መምህሩ ስክሪን ሳይሆን እጅ ይመልከት ነው የምትለው። ጥንዶች ይመደቡ፤ ኪቦርዱን የያዘው የሚሠራው አጠገቡ ያለው የነገረውን ብቻ ይሁን። በየ10 ደቂቃው ይቀያየሩ። የሚያውቀው ልጅ በአፉ ያስረዳ እንጂ እጁን ወደ ማውዙ አይዘርጋ። እጁ ካመለጠው ከኋላው ያጣምር። ለዚህ ቅንጣት ዕቃ አያስፈልግም።

19 ይህን ካነበበ በኋላ ሌላ ነገር አልጻፈም። እኔም ለ19 ያዘጋጀሁትን ረጅም መልስ አጠፋሁት።

መልስ 22። በ21 ላይ ተመርኩዞ መብራት ሲጠፋ ስለሚሰጥ ትምህርት ጻፈ። በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲው ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ያለ ኮምፒውተር የኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምሩ ጨዋታዎች አዘጋጅተዋል፤ በነጻ ይገኛሉ። አንዱን ገለጸው። 5 ካርዶች ላይ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ነጥብ ይሣላል። 5 ተማሪዎች ካርዶቹን ይዘው ይቆማሉ። አንዳንዱ ካርዱን ያሳያል፣ አንዳንዱ ይገለብጣል። በዚህ ብቻ ከ0 እስከ 31 ያለው ቁጥር ሁሉ ይወጣል። 13 ሲባል 8፣ 4 እና 1 ይገለጣሉ። ኮምፒውተር የሚቆጥረው እንዲህ መሆኑን ተማሪው በእጁ ይዞ ያየዋል። ካርቶን ላይ ኪቦርድ ስሎ ጣት ማለማመድም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ኤፍና ጄ ላይ ያለችውን እብጠት በሙጫ ጠብታ መሥራት ይቻላል፤ ጣት ሳያይ ቦታውን እንዲያገኝ።

መልስ 23። እዚህ ጋ ወሬው ወጣ አለ። ሶሊቴር የሚባለው የካርታ ጨዋታ በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር የመጣው ሰው ማውዝ ይዞ መጎተትን እንዲለምድ ጭምር መሆኑን አንስቶ፣ ከዚያ የልጅነቱን የፍሎፒ ዲስክ ትዝታ አወራ። ደስ ይላል። ለጉዳያችን የሚሆነው ጂኮምፕሪን መጠቆሙ ነው፤ ማውዝና ኪቦርድ የሚያለማምዱ ቀላል ጨዋታዎች ያሉት ነጻ ፕሮግራም ነው፣ ጎልማሶችንም አያሳፍርም ብሏል።

መልስ 24። ቋንቋን አነሳች። ፈረንሳይኛ በሚሠራበት አገር የኪቦርዱ ፊደል አቀማመጥ ብዙውን ጊዜ ይለያል። ኤ እና ኪው ቦታ ይቀያየራሉ፣ ዜድና ደብሊውም እንዲሁ፤ ቁጥር ለመጻፍ ሺፍት መጫን ያስፈልጋል። የሂሳብ ሰንጠረዡም ላይ ነጥብ የነበረው የአስርዮሽ ምልክት ኮማ ይሆናል፤ በቀመር ውስጥ ኮማ የነበረው ደግሞ ሰሚኮለን ይሆናል። ቤቴ ቁጭ ብዬ ያዘጋጀሁት የመልመጃ ወረቀት እዚያ ስደርስ ሁሉም ስህተት ነው ሊል ይችላል። ማሽኖቹ በምን ቋንቋ እንደተጫኑ ፎቶ አስነስቼ እንዳይ መከረችኝ።

መልስ 25። ይህ የራሴ ነው። የ2ን ጥያቄዎች፣ የ3ን የሞዴል ዝርዝርና የ24ን ፎቶ አጠቃልዬ ለትምህርት ቤቱ ላክሁ። ከ4 ቀን በኋላ መልስ መጣ። የጻፈው የማላውቀው ሰው ነው። እዚያው የሂሳብ መምህር ነው፤ ማታ ማታ ክፍሉን የሚከፍተውም፣ ቁልፉን የሚይዘውም እሱ ነው። ከ11ዱ ላፕቶፖች 4ቱ አይነሱም። የመልስ 1ን ሂሳብ በ7 ማሽን ደግሜ ሠራሁት፤ 35 ሰዓት የነበረው 22 ሆነ። ሁለቱ ሲነሱ ቀናቸው የተሳሳተ ነው። ተማሪዎቹ በብዛት የሚፈልጉት የሥራ ማመልከቻ መጻፍና የሱቅ ሂሳብ መያዝ ነው። ላፕቶፕ ላምጣ ወይ ላልኩት፣ ለማስቀመጥ የሚሆን ቦታም የሚቆለፍ ቁምሳጥንም እንደሌለ ነገረኝ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ ያለው መፍቻ ከላፕቶፖቹ ብሎን ጋር አይገጥምም። ትንንሽ መፍቻ ባመጣለትና አራቱን አብረን ብንከፍታቸው። ማሽን ተከፍቶ አይቶ አያውቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ቀይሬዋለሁ። ከተማሪዎቹ ጋር ከመገናኘቴ በፊት ከእሱ ጋር እቀመጣለሁ። መፍቻውን የሚይዘው እሱ ነው፤ እኔ በአፌ እነግረዋለሁ። 21 ካስተማረችኝ በኋላ ሌላ መንገድ አይታየኝም።

መልስ 26። ጠጋኙ በሰዓታት ውስጥ መለሰ። ከሞዴሎቹ ውስጥ 9ኙ አንድ ዓይነት ራም እንደሚወስዱ አይቶ ነገረኝ። የማይነሱትን በምን ቅደም ተከተል እንደምናያቸው ጻፈልኝ። መጀመሪያ ሌላ ቻርጀር መሞከር። ከዚያ ባትሪውን አውጥቶ በቻርጀር ብቻ ማስነሳት። ከዚያ ራሙን ነቅሎ፣ የወርቅ ቀለም ያለውን ጠርዝ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብሎ ጠርጎ መመለስ። አሮጌ ማሽን ብዙውን ጊዜ እዚህ ጋ ይነሳል አለ። የፈቱትን ብሎን ከየት እንደወጣ በወረቀት ላይ የማሽኑን ቅርጽ ስሎ እዚያው ላይ በፕላስተር መለጠፍ ያስፈልጋል፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ማዘርቦርዱን ይበሳል።

መፍቻውን ገዝቻለሁ። 11 ሲአር2032ም ገዝቻለሁ። ሁለት ኤስኤስዲና አራት ራም አግኝቻለሁ። ለላፕቶፕ ቃል የገቡልኝን ጓደኞቼን አመስግኜ መለስኳቸው።

መልስ 27። የመልስ 4 የባትሪው ሰው ነው፤ የገዛሁትን ዝርዝር አይቶ ፈጥኖ ጻፈ። መፍቻዎቹን በሚጫነው ሻንጣ ልክተት፣ 11ዱን ክብ ባትሪዎች ግን ከነመሸጫ ካርዳቸው ሳልፈታ በእጅ ልያዝ።